ጣሪያ ላይ የዋለ ሰዓት
ዛሬ የአዳማ ፀሐይ አናት ትበሳለች። እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ ነኝ። የጂፒኤስ አንቴናዬ ሰማይ ማየት አለበት፤ ቆርቆሮ ሲግናል አያሳልፍም። እናቴ ከታች «ዲሽ አለን አይደል እንዴ?» አለችኝ። «ሰዓት ነው እማዬ» አልኳት። ዝም ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ከጂፒኤስ ሳተላይት ጊዜ የሚቀበል ሰዓት እየሠራሁ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ትንሽ የጂፒኤስ ሞጁል፣ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ)፣ ስክሪን፣ በቃ። ሞጁሉ በየሰከንዱ አንድ ምት ይልካል። ያንን ምት ከአርዱዊኖው ክሪስታል፣ ማለትም ጊዜ ከሚቆጥርበት ክፍል፣ ጋር ሳስተያይ ዋልኩ። ሙቀቱ ክሪስታሉን እንዴት እንደሚጫወትበት ብታዩ! የጠዋቱና የቀትሩ ቁጥር በፍጹም አይገናኝም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የላይኞቹ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አቶሚክ ሰዓት (በአተም የሚቆጥር፣ እጅግ ትክክለኛ ሰዓት) ተሸክመው ይዞራሉ። ጂፒኤስ ቦታችንን የሚያውቀው በሰዓት ነው፤ ሲግናሉ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ። ሰዓቱ በአንድ ማይክሮሰከንድ (በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ከተሳሳተ ርቀቱ በ300 ሜትር ይስታል። ፖስታ ቤት ነኝ ብለህ ሌላ ሰፈር ነህ ማለት ነው። ደግሞ አንስታይን አለበት፤ ጊዜ እንደ ፍጥነቱና እንደ ስበቱ ይለያያል ያለው። እዚያ ላይ ያለ ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ይህም ታስቦ ይስተካከላል። ጉድ እኮ ነው!

ማታ ስክሪኑን ወደ ሀበሻ ሰዓት ቀየርኩት። ሞጁሉ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) 3 መቀነስ ብቻ ነው። እናቴ አሁን ወደደችው።

የቀረው መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ነው። አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።