ሐሙስ ሄዶ እሑድ ለመመለስ

ደሴ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ዛሬ ማለዳ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈራችንን የሸፈነው ጉም እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አልተገለጠም ነበር። እናቴ ጋቢዋን ደርባ እጆቿን ከሰል ላይ እያሞቀች ሳለ የጉዞውን ቀን ቆርጬ ነገርኳት፤ በታኅሣሥ ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ሄደን እሑድ እንመለሳለን፣ ጅቡቲ። ለወራት በልቤ ሳወጣው ሳወርደው የኖርኩት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ሲያልቅ እኔኑ ገረመኝ። እሷ ዐይኗን ከከሰሉ ሳታነሣ «እንግዲህ አላህ ካለ ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ «እዚያም እንዲህ ይበርዳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይበርድም። ወሩን የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምንኖር ለደሴ ሰዎች ታኅሣሥ የውርጭ ወር ነው፤ እዚያ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ የቀለለ ሲሆን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። እኛ ዝናብ በዝናብ በምንሆንበት በክረምት ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይሻገራል፤ ኻምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። የደም ግፊት ያለባትን እናት በዚያ ወቅት መውሰድ የማይታሰብ ነው።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሐሳቤን ሲሰሙ መጀመሪያ ያነሡልኝ ሞምባሳንና ዛንዚባርን ነበር። ነጩን አሸዋ፣ የዘንባባውን ጥላ፣ የሆቴሉን መዋኛ በየስልካቸው አሳዩኝ። ውበቱን አልክድም። ይሁን እንጂ ለእኔ ጉዳዩ ፀሐይ መሞቅ ብቻ አይደለም። ልወስዳት የምፈልገው ባሕር አንድ ነው፤ እርሱም ባሏን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲወስድና ሲመልስ የኖረው ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የቦቴ ሹፌር ነበር። ከአሰብ ማጣሪያ ነዳጅ ጭኖ በቡሬ፣ በሰርዶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያራግፍ ነበር። ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን እናቴ የቀኑን ቁጥር የምትይዘው በልቧ ነበር፤ ስንቁን በሶና ዳቦ ቆሎ አድርጋ ለረዳቱ ታስይዛለች፣ ከዚያ እስኪመለስ ድረስ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። በግንቦት 1990 ዓ.ም ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እሱም እንደ ሌሎቹ ሹፌሮች መሪውን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እስከ ሰርዶ ያው የለመደው መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዱ ወደ ቡሬና አሰብ፣ ሌላው ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ይከፈላል። «ውሃው ያው ነው» ይለን ነበር፤ «ከተማው ነው የተለወጠው።»

በመስከረም 2011 ዓ.ም የቡሬ የድንበር በር ሲከፈት አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ እናቴን አስጠራትና «መንገዱ ተከፍቷል፤ ሲሻለኝ አሰብን አሳይሻለሁ» አላት። በሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። አባቴም ያንን በጋ አልጨረሰውም። እናቴ ይህን ነገር ለጎረቤት አንሥታ አታውቅም፣ ለእኔም ደግማ አልነገረችኝም፤ ሲናገር ግን በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ። ዕቅዱን ስጀምር ከማንም ጋር ያልተማከርኩት ስለዚህ ነው።

በሳሎናችን ቡፌ ላይ አንድ ዛጎል አለ። ከጡጫ ይበልጣል፤ ከውጭ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን ውስጡ እንደ ሕፃን ድድ ቀላ ያለና ለስላሳ ነው። ከንፈሩ ላይ የተሸረፈች አንዲት ቦታ አለች፤ ልጅ ሆኜ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ የሆነ ነው። እናቴ ዓርብ ዓርብ ቤት ስታጸዳ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ጫፉን በጣቷ ስትዳስሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባሕር የሚባለውን ነገር በእጇ የምታውቀው በዚህ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ያየችው ትልቅ ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀን የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ነው፤ የእሱ ማዶ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዕቅዱን ወረቀት ላይ ሳሰፍር መጀመሪያ የገጠመኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ጅቡቲ ውስጥ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የእኛን ቅዳሜና እሑድ ይዤ ብሄድ ግማሹን ዕረፍት በሥራ ቀን ግርግር ላሳልፈው ነው። ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብን ፈቃድ ወስጄ፣ ሐሙስ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በርረን አክስቴ ልጅ ዘንድ አድረን፣ ዓርብ ጠዋት ወደ ጅቡቲ እንቀጥላለን። ከአዲስ አበባ ያለው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዓርብ ጁምዓ ነውና ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ለእኛ ግን እንዲያውም ይመቻል። በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ መሐል ከተማ ላይ ነው፤ እናቴ አዛኑን ከዚያ መስማት ትፈልጋለች። ከሸዋበር መስጊድ አዛን ጋር ታስተያየዋለች መሰለኝ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ጤናዋ ነበር። ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው አይቆጠርም። ይህን ቀድሜ አውቀው ነበር። የማላውቀው ግን 60 ዓመት ያለፈው ሰው ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ ሐኪም አስቀድሞ ሊያየው እንደሚገባ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የጎንዮሽ ችግሩ ከወጣቶቹ ከፍ ይላል። ሐኪሙ ግፊቷን ለካ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ከዚያ «ይሰጣት» አለ። ጉዳዩን ሳያጣድፍ ለእናቴ ራሷ በሚገባት ቋንቋ ስላስረዳት ከልቤ አመሰገንኩት። ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል ሲላት «ከእንግዲህማ መመላለስ ነው» ብላ ሣቀች። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ስትሥቅ አላየኋትም ነበር።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሳንቲም ሆኖ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለዚህ ጉዞ ብዬ ያስቀመጥኩት ብር በዶላር ሲሰላ ከግማሽ በታች ወርዷል። በዚያ ላይ ከተማው የሚበላውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ ስለሚያስገባ ኑሮው ውድ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠይቄ ያቀረበልኝ ዋጋ ጀልባውን፣ ደሴቱን፣ የጨው ሐይቁንና የሆቴል እራቱን በሁለት ቀን ውስጥ ያጨቀ ነበር፤ ወጪውን ሳይሆን ድካሙን አይቼ ተውኩት። ሁለት አዳር፣ ባሕሩ አጠገብ የሆነ ንጹሕ ማረፊያ፣ ለታክሲ ጥቂት ፍራንክ፤ ይበቃናል።

ከዕቅዱ ማውጣት የከበደኝ አሳል ሐይቅን ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሆነ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ዳርቻው ላይ ነጭ ጨው ተዘርግቷል። አባቴ ስለ ጨው ብዙ ያወራ ስለነበር ቦታውን ብታየው ደስ ይላታል። ነገር ግን ከከተማው ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያለን ሙሉ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ነው። የሙሻን ደሴትም፣ በኅዳርና በጥር መካከል ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡትን ግዙፍ ሻርኮችም ለሌላ ሰው ትቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ፣ ቀትር ላይ ዕረፍት፣ አመሻሽ ላይ በነጫጭ ቅስት ቤቶች የተከበበው አደባባይ፣ ከዚያ ዓሣ። አባቴ ጅቡቲ መሐል ምኒልክ አደባባይ አለ ሲለን እንደ ቀልድ ነበር የማየው፤ እውነትም አለ። የነጻነታቸውን ቀን ተከትሎ የጁን 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. አደባባይ ቢባልም የከተማው ሰው ዛሬም በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ዓሣው የየመን አሠራር ነው፤ ከራስ እስከ ጅራት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተለቅልቆ፣ በጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል፤ የሚበላውም በትኩስ ቂጣ ነው። እናቴ የሐይቅን ቆሮሶ ስለምትወድ በዚህ በኩል ስጋት የለኝም።

የባሕሩን ሰዓት ግን በጥንቃቄ መምረጥ ነበረብኝ። ከተማው ውስጥ ያለው የሲየስታ ዳርቻ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ወደ ውስጥ ርቆ ይሸሽና ጭቃማ ሜዳ ያስቀራል። ጉልበቷ እየታመመ በዚያ ጭቃ ላይ እንድትራመድ አልፈልግም። ስለዚህ የሙላትና የጉድለት ሰዓቱን ፈልጌ፣ ቅዳሜ ጠዋት ውሃው እስከ ዳርቻው የሚሞላበትን ሳምንት መርጫለሁ። ባሕር ይሸሻል፣ መልሶ ይመጣል ብዬ ስነግራት «አባትሽም ብሎኝ ነበር፤ ያኔ አላመንኩትም» አለችኝ።

ከሁሉም ያላግባባን የመንገዱ ነገር ነው። እናቴ አውሮፕላኑን ሰምታ ቅር አላት። «አባትሽ ያን ያህል ዓመት የተንገላታበትን መንገድ እኔ በአየር ልዝለለው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የአፋር በረሃ አለ፣ ጋላፊ ላይ ከባድ መኪናው ተሰልፎ የሚውልበት ድንበር አለ፤ በሦስት ቀን ዕረፍት አይሞከርም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሆኖም ማወቋ ቅሬታዋን አላስቀረውም፣ እኔም ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ባቲ ወሰድኳት። በሐረጎ ቁልቁል ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ከዚያ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰኞው ገበያ ቆሞ ነበር፤ አፋሮቹ ግመልና ጨው ይዘው ከቆላው ወጥተዋል፣ ከደጋው የወረደው እህል በየመደቡ ተከምሯል። እናቴ ገበያውን ብዙም አላየችውም። ሹፌሮች የቀኑን ሐሩር የሚያሳልፉበት፣ አባቴም ሻይ እየጠጣ የሚመሽለት ሠፈር የትኛው እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ጠየቀችና አሳዩዋት። ቤቶቹ ተለውጠዋል። ከዚያ የከተማው ጫፍ ድረስ ሄደን፣ አስፋልቱ ወደ ሚሌ ቁልቁል የሚወርድበትን ቦታ ቆመን አየን። ከታች ሜዳው በትኩሳት ጭጋግ ነጥቷል። አንድ ቦቴ በሞተር ፍሬን እያጓራ ወረደ፤ እስኪሰወር ድረስ በዐይኗ ሸኘችው። «እንዲህ ነው የሚሄደው» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም። ስንመለስ ስለ አውሮፕላኑ ዳግም አላነሣችም።

ማምሻውን ከሥራ ስገባ ሳጥኗን ከፍታ አገኘኋት። ልብስ ሳይሆን ሽርጥ እየፈለገች ነበር፤ አባቴ ከአሰብ ያመጣው፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ያለበት፣ የናፍታሊን ሽታው ክፍሉን የሞላው። ዘርግታ ወደ አምፖሉ አነሣችው፤ መሐሉ ላይ አንድ የተጣፈ ቦታ አለ፣ ክሩ የእሷ እጅ ነው። «አሸዋው ላይ አንጥፈነው እንቀመጣለን» አለችኝ። ጉዞው ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። እሷ ግን ሽርጡን አጥፋ፣ ገና አንድም ነገር ያልገባበት ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠችው።