1967 በእንግሊዝ፦ ፖፑንም ክላሲካሉንም አንድ ላይ እየሰማሁ የት ደረስኩ

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች። የያዝኩት ነገር ቀላል ነው። አንድ አገር፣ አንድ ዓመት። እንግሊዝ፣ 1967 (የፈረንጆቹ ነው፤ ወሮቹንም በፈረንጅ እጽፋለሁ፣ አለዚያ እንምታታለን)። ዘፈኑንም የኦርኬስትራውንም ሥራ በወጣበት ቅደም ተከተል እሰማለሁ፣ ፖፕና ክላሲካል ብዬ አልለይም። አሁን ኖቬምበር ላይ ነኝ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጃንዋሪ ነው። የቢትልሶቹ ፖል ማካርትኒ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ዴቪድ ሜሰን የሚባል የኦርኬስትራ ሰው በፒኮሎ ትራምፔት (ትንሽና ድምፁ ቀጭን የሆነ ትራምፔት ነው) የባክን ሁለተኛ ብራንደንበርግ ኮንቼርቶ ሲጫወት ያያል። በዚያው ሰሞን ሜሰን ወደ ቢትልሶች ስቱዲዮ ተጠርቶ የ«ፔኒ ሌን»ን ሶሎ ነፋው። መጀመሪያ ባክን፣ ቀጥሎ ዘፈኑን፣ ከዚያ ደግሞ ባክን እያፈራረቃችሁ ስሙ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አይለያዩላችሁም። የሚገርመው ይሄ ሁሉ ተደክሞበት ነጠላው ሸክላ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ አንደኝነቱን ይዞ አልለቅም ያለው የኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ «ሪሊዝ ሚ» ነበር። ክፉ ዘፈን አይደለም፣ ግን አንዴ ይበቃኛል።

ፌብሩዋሪ 10 ደግሞ እዚያው አቢ ሮድ 40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ተሰበሰቡ፣ ለቢትልሶች «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ»። የምሽት ልብስ ለብሳችሁ ኑ ተብለዋል፣ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የቀልድ አፍንጫ ምናምን ታደላቸው። ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። እያንዳንዱ ከመሣሪያው ዝቅተኛ ድምፅ ተነስቶ በ24 ባር (የምት ክፍል) ውስጥ ከፍተኛው ላይ መድረስ አለበት፣ የጎኑን ሰው ሳይሰማ። አስቡት፣ ዕድሜ ልኩን ከጎረቤቱ ጋር እንዲገጥም የሠለጠነ ሰው አትግጠም ሲባል! የቢትልሶች ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ይህንኑ አራት ጊዜ ቀርጾ ደራረበው። በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ ግማሹ ያመልጣችኋል።

ሜይ ላይ ኪቦርዴን አወጣሁ፣ ፕሮኮል ሃረም ለሚባለው ባንድ «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል»። ኦርጋኑ ባክ ባክ ይላል እንጂ የባክ ቅጂ አይደለም። ሚስጥሩ ባሱ ነው። ከዶ ተነስቶ ሲ፣ ላ፣ ሶል እያለ አንድ አንድ እርከን ይወርዳል። ግራ እጄ ለምዶታል፣ ቀኝ እጄ ግን ገና ነው።

ጁን 2 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሰፎክ የሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ሄዳ ስኔፕ ሞልቲንግስ የሚባለውን የሙዚቃ አዳራሽ መረቀች። ድሮ ብቅል የሚዘጋጅበት ቤት ነው። የክላሲካል አቀናባሪው ቤንጃሚን ብሪተን ለምረቃው ከመዘምራን ጋር የሚቀርብ አጭር ሥራ ጻፈ፣ ቃሉም «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ» የሚለው የዳዊት መዝሙር ነው። አዳራሹ በሁለት ዓመቱ ተቃጠለና በ1970 ታድሶ ተከፈተ። ብሪተንን ፈርቼው ነበር የኖርኩት፣ ለጀማሪ ግን ይሄ ጥሩ በር ነው፣ አጭር ስለሆነ።

ጁላይንና ኦገስትን ቶሎ አለፍኳቸው፣ ከፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ አልበም በስተቀር።

ሴፕቴምበር የከነከነኝ ወር ነው። ቢቢሲ በ30ኛው ቀን ጣቢያዎቹን አዲስ ስም ሰጥቶ ከፋፈላቸው፤ ፖፕ ወደ ራዲዮ 1፣ ክላሲካል ወደ ራዲዮ 3። ስቱዲዮ ውስጥ ትራምፔቱና ጊታሩ አንድ ዘፈን ላይ በሚጫወቱበት ዓመት፣ አድማጩ በሁለት በር እንዲገባ ተደረገ። ፖፕ ቀን ሙሉ ማጫወት የጀመሩት በመርከብ ላይ የነበሩት ፈቃድ የሌላቸው ጣቢያዎች ናቸው፣ እነሱም በኦገስት በሕግ ተከልክለው ነበር፣ ስለዚህ ክፍተቱን መሙላት ግድ ነበር፣ ይገባኛል። ግን እኛስ ዛሬ ድረስ በዚያው ልማድ አይደል የምንሰማው?

ኖቬምበር ላይ የሙዲ ብሉስ «ዴይስ ኦፍ ፊውቸር ፓስድ» ወጣ። ሮክና ኦርኬስትራን አዋሐደ እየተባለ ይወደሳል። እኔ አልተዋጠልኝም። ኦርኬስትራው በአብዛኛው ከዘፈን ዘፈን መሸጋገሪያ ነው፣ ባንዱ ሲጫወት ዞር ይላል። «ፔኒ ሌን» በሦስት ደቂቃ የሠራችውን ይሄ በሙሉ አልበም አልሠራውም።

የቀረኝ ከባዱ ነው። በዚሁ ዓመት አቀናባሪዎቹ ሃሪሰን በርትዊስልና ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ፒዬሮ ፕሌየርስ የሚል ቡድን አቋቁመው ነበር። ሙዚቃቸው ለጆሮዬ እስካሁን እሾህ ነው። የሰማችሁ ካላችሁ ከየትኛው ሥራ ልጀምር?