የምጣድ ሙከራ ከኮምቦልቻ፦ እስካሁን የደረስንበት

ጭስ ባጠቆረው ጓዳ ያደገ የሜካኒካል ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ምድጃ ቢመርጥ አይገርምም። ርዕሱን «ጭስን መቀነስ» ብሎ ካቀረበ ግን አማካሪው ይመልስበታል፤ የሚለካ ነገር የለበትማ። የእኛ ጥያቄ ጠቦ ጠቦ እዚህ ደርሷል፦ አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር በሦስት ጉልቻና «ምርጥ» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስንት ግራም ደረቅ እንጨት ይፈጃል?

ሊጡ ከአንድ ዕቃ፣ ጋጋሪዋም አንድ ሰው ትሁን። እጅ ከተቀየረ የእንጀራው ውፍረት ይቀየራል፤ ያን ጊዜ የምታወዳድሩት ምድጃ ሳይሆን ሙያ ነው። በየምድጃው ቢያንስ 3 ጊዜ ድገሙ፤ ሁልጊዜም ከቀዘቀዘ ምጣድ ጀምራችሁ እኩል ብዛት ጋግሩ። ምጣዱን ማጋል ብቻውን ብዙ እንጨት ስለሚበላ፣ ጥቂት እንጀራ የተጋገረበት ምድጃ ያለ ጥፋቱ አባካኝ ይመስላል።

የባሕር ዛፍ ፍልጥ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከመሃሉ 200 ግራም ያህል ቁረጡና በኦቨን 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። 170 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው። የጠፋው 30 ግራም የሚካፈለው ለ200 ነው፣ ለ170 አይደለም። ናሙናው በፌስታል ታስሮ ካልመጣ መንገድ ላይ ይደርቅባችኋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የነደደውን እንጨት በ(1 − 1.12 × እርጥበት) አባዙ (15 በመቶ እርጥበት 0.15 ተብሎ ይገባል)፣ ከዚያ የተረፈውን ከሰል 1.5 እጥፍ ቀንሱ። ለምሳሌ 10 ኪሎ እንጨት ነዶ 400 ግራም ከሰል ቢተርፍ፣ በ15 በመቶ እርጥበት 8.32 − 0.6 = 7.72 ኪሎ ይመጣል። እንጀራው በድምሩ 10 ኪሎ ከሆነ በኪሎ 772 ግራም ማለት ነው። ከሰሉ አመዱ ተራግፎ በብረት ትሪ ይመዘን። ትኩስ ትሪ በቀጥታ ዲጂታል ሚዛን ላይ ከተቀመጠ ቁጥሩ ይዋልላል፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉና ሚዛኑን ከነጣውላው ዜሮ አድርጉት። እንጀራውንም እንደወጣ መዝኑት፤ ሰፌድ ላይ በቆየ ቁጥር እንፋሎቱ እየወጣ ይቀላል።

ለሙቀት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃል፤ ለተሟሸ ጥቁር ምጣድ ኤሚሲቪቲውን (የምጣዱ ገጽ ሙቀት የሚያመነጭበትን መጠን ለመሣሪያው የሚነግረውን ቁጥር) 0.95 ላይ አድርጉት። ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይፈለጋል። መሃሉንና ዳሩን ለየብቻ ለኩ፦ በሦስት ጉልቻ ነፋስ የሚመታው ዳር ይቀዘቅዝና እዚያ በኩል እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይለጠፋልም። ጭስ የምትለኩ ከሆነ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ አትለኩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት ማግኘት ከሙከራው ሁሉ ይከብዳል!

ቀጣዩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ ቆጣሪ ይቀልጣል፤ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካ ክላምፕ ሜትር ለኩ። መብራት ሲደክምና ቮልቴጁ 190 ሲደርስ ኃይሉ በሩብ ያህል ይወርዳል። ያኔ መጋገሩ ይረዝማል፣ በዚያው ልክ ከምጣዱ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ቮልቴጁን በየእንጀራው መዝግቡ።

ደሴ ሆናችሁ በውሃ ማፍላት ለምትሞክሩ፦ ውሃ እዚያ በ92፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 100 እስኪሞላ ብትጠብቁ እንጨቱ ያልቃል እንጂ አይሞላም።