ፊውዝ የሚበላው ፒካፕ

ኮምቦልቻ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ሐረጎ ሁለተኛ አለቃው ነው። ከደሴ የሚያወርደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሥራ ይልክልናል፦ ፍሬኑ የጋለ፣ መብራቱ የጠፋ፣ ገመዱ የተበጠሰ። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ይጨመራል። በዚያ ጉም ውስጥ የኋላ መብራት የሌለው መኪና ከኋላው ለሚመጣው ሲኖትራክ የለም ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ጋራዥ ለኋላ መብራት "ነገ ና" አይባልም።

ነጩ ፒካፕ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ሹፌሩ ጠና ያሉ፣ ጨዋታ አዋቂ የደሴ ሰው ናቸው። ቅሬታቸው አጭር ነበር።

"ልጄ፣ ይቺ መኪና ፊውዝ ትበላለች።"

የፓርኪንግ መብራት አይበራም። የኋላው ቀይ መብራትም፣ የዳሽቦርዱም እንዲሁ። ፍሬን ሲረገጥ ግን ስቶፑ ይበራል። ፍሬቻውም ደህና ነው። ይሄ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በብዙ ፒካፖች ላይ የፊት ፓርኪንግ፣ የኋላ ቀይ፣ የታርጋና የዳሽቦርድ መብራት በአንድ ፊውዝ ያልፋሉ። ስቶፕ የራሱ ፊውዝ አለው። ሁሉም በአንዴ ከሞቱ አምፖል እየፈቱ ማየት ጊዜ ማቃጠል ነው።

የፊውዝ ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከሹፌሩ ጉልበት አጠገብ ነው። ሌላው ኮፈን ሥር፣ ባትሪው ጋ። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ የሚነግረው ሥዕል ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ የለም። ክዳኑ ያልጠፋ ፒካፕ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ መጥቼ ፎቶ እነሳለሁ።

ክዳን ባይኖርም መንገድ አለ። የመሞከሪያ መብራቱን አንድ ጫፍ ማሳ፣ ማለትም የመኪናው አካል ብረት ላይ ታስራለህ። ቁልፍ ትከፍታለህ፣ የፓርኪንጉን ማብሪያ ታበራለህ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች በየተራ ትነካለህ። ሁለቱም ጋ ከበራ ፊውዙ ደህና ነው። ሁለቱም ጋ ካልበራ ኃይሉ ራሱ አልመጣም፣ ማብሪያውን ወይም ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) ፈልግ። በአንዱ በኩል በርቶ በሌላው ከጠፋ የሞተው እሱ ነው። እየነቀሉ በዓይን ማየትም ይቻላል፤ ግን ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ፊውዝ ብዙ ሰው አልፍቷል።

አገኘሁት። አረንጓዴ ነው።

አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። የዚህ ሞዴል የመብራት ፊውዝ ቀይ፣ ማለትም 10 እንደሆነ ከሌሎች መኪኖች አውቃለሁ። ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20 ነው፤ ቀለሙን የያዘ ሰው ቁጥሩን ለማንበብ መነጽር አይፈልግም።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ሰካልዎት?"

"መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ። ቀዩ በየጊዜው ሲሄድብኝ ትልቁ አይቃጠልም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰነበተልኝ። በኋላ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ እሱም ሄደ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ፊውዝ አምፖሉን ለመጠበቅ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በዚህ መስመር ላይ ያሉት አምፖሎች አብዛኞቹ 5 ዋት ናቸው። ሁሉም ተደምረው 30 ዋት አካባቢ ቢሆኑ ነው። ለ12 ቮልት ሲካፈል ከ3 አምፔር አይበልጥም። ቀዩ 10 ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እሱን የሚያቃጥለው የአምፖል ብዛት አይደለም። የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል፣ ኮንታክት አለ። 30 ስትሰካ ኮንታክቱ የትም አይሄድም። ቀጭኑ ሽቦ ራሱ እየጋለ ፊውዝ ይሆናል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልሉትማ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያ መኪና ማቃጠል ነው።

ሹፌሩ ከሸሚዛቸው ኪስ የድሮዎቹን ቀያይ ፊውዞች አውጥተው ዘረገፉልኝ። ስላልጣሏቸው አመሰገንኳቸው። የሞተ ፊውዝ ይነበባል። በጭነት ብዛት ቀስ ብሎ የቀለጠ ከሆነ ፕላስቲኩ ብዙም ሳይቆሽሽ መሃሉ ብቻ ተበጥሶ ይታያል። በድንገተኛ ኮንታክት ከሄደ ግን ውስጡ ይጠቁራል። የእሳቸው ሁሉም እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል።

አዲስ ቀይ ሰካሁ። ሁሉም በራ። ሞተር አስነሳን፣ ግቢ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ አልን። ደህና ነው።

"በቃ፣ ሠራኸው!" አሉ ሹፌሩ። ረዳቴም ደረሰኝ ሊያመጣ ተነሳ።

"ፊውዙ የሚቃጠለው ሐረጎ ላይ ነው አላሉኝም?"

"አዎ፣ ሁሌ ቁልቁለቱ ላይ። ጭነት ስይዝ።"

"ታዲያ እዚህ ቆመን እንዴት እናምነዋለን?"

አዲስ ፊውዝ እየሰኩ መፈለግ አያዋጣም፤ ኮንታክቱ ለቅጽበት ብቅ ሲል ፊውዙ ይሄዳል፣ አንተም የት እንደነበረ ሳታይ ትቀራለህ። እኛ ለዚህ የምንጠቀምበት ነገር ቀላል ነው። የአንድ የተቃጠለ ፊውዝ ሁለት እግሮች ላይ ሽቦ በይደን፣ በሽቦው ጫፍ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አስረናል። በፊውዙ ፋንታ እሱን እንሰካለን። ኮንታክት ቢፈጠር አምፖሉ ቦግ ይላል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ከ2 አምፔር በታች ስለሚያሳልፍ ሽቦው አይጎዳም። አንድ ነገር ግን አይረሳ። የመስመሩ አምፖሎች መጀመሪያ ይፈታሉ። ካልተፈቱ እነሱም ስለሚስቡ መሞከሪያው በደህናውም ጊዜ ይበራል፣ ግራ ያጋባል።

የፊቱንና የኋላውን ፈታን። መሞከሪያው በዳሽቦርዱ ትንንሽ አምፖሎች ምክንያት ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ከዚያ ማነቃነቅ ጀመርን። መሪው ሥር፣ ምንም። በሻንሲው ዳር የሚሄደውን ገመድ፣ ምንም። የኋላ መብራቶቹ መያዣ፣ ምንም። ሹፌሩ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ።

ረዳቴ ካሶኒው ላይ ሊወጣ የኋላውን ፓራውልት (መከላከያ ብረቱን) ረገጠ። አምፖሉ ቦግ አለ።

"ድገመው!"

ረገጠ። ቦግ። ለቀቀ። ድብዝዝ።

ሁላችንም መኪናው ሥር ገባን፤ ሹፌሩም ጭምር፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ። የታርጋ መብራት ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው፤ ቢጠፋም የሚያስተውለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። ሽቦው በፓራውልቱ መያዣና በሻንሲው መሃል ተቆንጥጧል።

"ይሄ ፓራውልት ተፈትቶ ያውቃል?"

"ደሴ ሰኞ ገበያ ጋ ባጃጅ ገጭቶኝ አስጠግኜዋለሁ" አሉ። አሰቡት። "ያረቢ! ፊውዝ መብላት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።"

ያቃናው ሰው ብረቱን አሳምሮ ሠርቶታል። ሲመልሰው ግን ሽቦውን ሳያይ በቦሎን አጥብቆበታል። ባዶ ሲሆን ችግር የለም። ጭነት ተጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝና ሲንገጫገጭ፣ የብረቱ ጠርዝ ወደ ውስጠኛው መዳብ ይደርሳል። ናስትሮውን (መጠቅለያ ቴፑን) ስንፈታው ደግሞ የ30ው ሥራ ታየ። የሽቦው ላስቲክ ስንዝር ያህል ቀልጦ ከጎኑ ካለው የማርሽ ኋላ መብራት ሽቦ ጋር ተጣብቋል። ትንሽ ቢቆይ ማርሽ ኋላ ሲገባ ሌላ ትርዒት እናይ ነበር።

የቀለጠውን ቆርጠን አዲስ ሽቦ በየድን። ናስትሮ ብቻውን የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሙጫው ስለሚላቀቅ በቱቦ ውስጥ አሳለፍነው፣ ከብረቱም አርቀን አሰርነው። ቀዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። አምፖሎቹ ተገጠሙ። ሹፌሩ ጭነታቸውን እንደያዙ መብራት አብርተው ሐረጎን ወጥተው ወረዱና ጥሩምባ እየነፉ ግቢ ገቡ። ፊውዙ ደህና ነው።

የቀረው ሒሳብ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ደውሎ "አንድ ፊውዝ ለመቀየር ይሄን ያህል?" አለ። የፈለግንበትን ሰዓት አስረዳሁ። ሊገባው አልፈለገም። ሹፌሩ ስልኩን ተቀበሉኝ።

"ስማ ወንድሜ፣ ሸሚዜን ናና እየው" አሉት።

ደረሰኙ ላይ "የመብራት መስመር ጥገና" ብለን ጻፍን። ንብረት ክፍሉ ተስማማ፣ ግን አሮጌው ዕቃ ካልተመለሰ ክፍያ አይፈጸምም አለ። እውነቱን ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የቀለጠውን ሽቦና ጥቋቁሮቹን ፊውዞች ፖስታ ውስጥ ከተን አሸግን። አረንጓዴውንም ጨመርኩበት፤ ሹፌሩ ግን ቶሎ ብለው አወጡት።

"ይሄን ለዚያ ልጅ ነው የምወስድለት።"