«መላመድ» የሚለው ቃል አሳስቶኝ ነበር፦ የካንሰር ንባቤ ስድስተኛ ሳምንት

ኬሞቴራፒ መጀመሪያ ላይ ዕጢውን ያሟሽሸዋል። ቆይቶ አንዳንዴ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል፤ ያው መድኃኒት ሲሰጠው ግን ንቅንቅ አይልም። ለምን? ሳምንቱን ሙሉ ከዚህች ጥያቄ ጋር ስታገል ከረምኩ።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። «መድኃኒቱን ተላመደ» እንላለን። እኔም ሰው ብርድ እንደሚለምደው ሁሉ ሕዋሱም መርዙን ቀስ በቀስ የሚለምደው ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ1943 ሉሪያ እና ዴልብሩክ የተባሉ ሳይንቲስቶች በባክቴሪያ ላይ የሠሩት ሙከራ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚገድላቸውን ቫይረስ መቋቋም የሚጀምሩት ቫይረሱ ካገኛቸው በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ ለየብቻ ካደጉት ዘሮች ሁሉ የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ ይሆን ነበር። አልሆነም። አንዱ ጋ ጥቂት፣ ሌላው ጋ መዓት። ለውጡ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው ማለት ነው።

ማንበቡ ብቻ አልዋጥ ስላለኝ ኮምፒውተሬ ላይ አስመስዬ ሠራሁት። አንድ ሕዋስ 20 ጊዜ ይባዛል፤ ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። በየክፍፍሉ ከ100,000 አንዱ ሕዋስ መድኃኒቱን የሚቋቋም እንዲሆን አደረግሁ። 20 ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ መድኃኒቱ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የተረፉት ከ30 እስከ 60 ነበሩ። አንዴ ግን ከ600 በላይ ወጣ! ስህተት መስሎኝ ኮዱን ሁለቴ ፈተሽኩ። ለካ ለውጡ ቀደም ብሎ ስለተፈጠረ ልጆቹ ለመራባት ጊዜ አግኝተዋል። መድኃኒቱ ማንንም አላስተማረም፤ ሌላውን ጠርጎ ሜዳውን ለእነሱ ለቀቀላቸው እንጂ።

እንዴት ነው የሚቋቋሙት? መንገዱ ብዙ ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚያጠቃውን ኢንዛይም በብዛት እያመረቱ መድኃኒቱን የሚያሸንፉ አሉ። ሲስፕላቲን የተባለው ሌላ መድኃኒት የጎዳውን ዲኤንኤ የሚጠግኑም አሉ። እኔን የማረከኝ ግን ፓምፑ ነው፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል። ጁሊያኖ እና ሊንግ በ1976 ከሃምስተር በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ነው ያገኙት። የሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ገና ሽፋኑን ሲያቋርጥ ይይዘዋል፤ የሕዋሱን ነዳጅ ኤቲፒን ያቃጥልና መልሶ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ደግሞ ብዙም አይመርጥም፦ ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክሴል፣ ሁሉንም።

«ታዲያ ፓምፑን መድፈን ነዋ!» አልኩ። ቀድመውኛል። የልብ መድኃኒቱ ቬራፓሚል በላቦራቶሪ ይደፍነዋል። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ይኸው ፓምፕ ጤነኛ አንጀት፣ ኩላሊትና የአንጎል ደም ሥሮች ላይም ዘብ ቆሟል። ሲደፈን ኬሞው ሰውነት ውስጥ ይቆይና ጤነኛውንም ይጎዳል።

ላስተካክል፦ «መላመድ» ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። መድኃኒቱ ከነካቸው በኋላ ፓምፑን የሚያበዙ ሕዋሳትም አሉ። እኔ የተሳሳትኩት ነገሩ በሙሉ ይኸው ብቻ ነው ማለቴ ላይ ነው።

አሁን ሁለት መድኃኒት አብሮ መስጠትን እያስመሰልኩ ነው። አንዱን የሚቋቋመው ከሚሊዮን አንድ ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚቋቋመው ከትሪሊዮን አንድ መሆን ነበረበት። ፓምፑ ግን ሒሳቡን ያፈርሰዋል፤ ሁለቱንም የሚያስወጣ ከሆነ አንድ ለውጥ ለሁለቱም ይበቃል። እሱን ኮዱ ውስጥ ላስገባ ስል የሞቱት ሕዋሳት መባዛት ጀመሩብኝ። እስካሁን እዚያው ላይ ነኝ።