ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ ሲለኝ

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሱቅ አለው፣ ዕቃ ለማምጣት በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ይመላለሳል። አምና የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ፈጥኜ አንድ ቪዲዮ ላክሁለት። እንግሊዝ አገር ሉተን ኤርፖርት ያለው የመኪና ማቆሚያ ሲነድ ያሳያል፤ ከሥሩ «የኤሌክትሪክ መኪና ያስነሳው እሳት» ተብሎ ተጽፏል። ጋሼም ሐሳቡን ተወው።

እውነቱን ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እሳቱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነበር፣ የአካባቢው እሳት አደጋ መከላከያ ደግሞ መነሻው የናፍጣ መኪና ነው ብሎ ነበር። ከሺህ በላይ መኪና መቃጠሉ እውነት ነው፣ ውሸቱ ያቺ አንዷ መስመር ናት። በጣም ከነከነኝ። የወንድሜን ውሳኔ ያስቀየርኩት ሳላጣራ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያነበብኩትንና የሰማሁትን ሁሉ እየጻፍኩ ከጎኑ ሁለት ጥያቄ አስቀምጣለሁ፦ ማን ለካው? የት ተለካ?

አብዛኛው ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ሻጮች «አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 550 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላሉ። ቁጥሩ ከቻይና መለኪያ የመጣ ነው፤ በዚያ ፈተና የመኪናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እኛ ግን ግቤ በረሃን ወርደን እንወጣለን! ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው «መብራቱ ራሱ ከድንጋይ ከሰል ነው የሚመጣው» የሚለውን ክርክር ከውጭ ተርጉመው ያመጡታል። ከሰል ለሚያነድ አገር ያስኬዳል፣ እኛ ጋ ግን መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ አንድ እዚሁ አጠገባችን ነው ያለው።

ከዚያ ራሴ ለካሁ። አንድ ጓደኛዬ ያው 550 የተባለለት መኪና አለው፣ ከጅማ አብሬው ተሳፈርኩ። ስንነሳ ባትሪው 100 በመቶ ነበር። ወደ ግቤ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ 66 አሳየ። ስንወርድ ባትሪው መልሶ እየሞላ ድልድዩ ጋ 68 ሆነ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ዳገቱ ግን አልማረንም፤ ወልቂጤ ስንገባ 57 ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ 19 በመቶ ቀርቶ ነበር። እንግዲህ ሒሳቡን ስሠራው በእኛ መንገድ 430 አካባቢ ነው የሚሄደው። 550 አይደለም፣ ግን መንገድ ላይም አያስቀርም።

የቀረው ጥያቄ መብራት ነበር። መኪናውን የሚያሞግሱት ዘገባዎች «ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልን» ይላሉ እንጂ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አይነግሩትም። ጋሼን በየማታው ግቢው ውስጥ መብራት መኖር አለመኖሩን እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። በ30 ሌሊት ውስጥ 7 ጊዜ ጠፋ፣ ሁለቴ እስከ ንጋት አልመጣም። ለእሱ ይኼ በቂ ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄደው በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሆነ፣ ከጉዞው ሦስት ቀን ቀድሞ መሙላት ከጀመረ አንዱ ሌሊት ቢበላሽበት ሌላው ይተካዋል። በየቀኑ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሹፌር ቢሆን ኖሮ ግን አትግዛ እለው ነበር።

ጋሼ በጥር ገዛ። የመጀመሪያውን ማታ ቻርጀሩን ሰክቶ ደወለልኝ፣ «አንተ፣ ደብተርህን አምጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምጽፈው» አለኝ።