«ጅማ» ስንት ፊደል ናት? የሲ ኮምፓይለር ስጭን ያገኘሁት

ሰሞኑን ዴስክቶፔ ላይ የሲ ኮምፓይለር ጫንኩ፤ በሲ ቋንቋ የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር ማለት ነው። ከዜሮ ለምትጀምሩ ይጠቅማልና ላካፍላችሁ።

የመረጥኩት ጂሲሲን ነው። ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነፃ ኮምፓይለር ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ዊንዶውስ ላይ ያስገባሁት ኤምሲስ2 በተባለ የፕሮግራመሮች መሣሪያ ስብስብ በኩል ነው።

የማታ ፓኬጅ ገዝቼ ማውረድ ጀመርኩ። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ መብራት አይታመንም። መጫኑ ግማሽ ሲደርስ ድርግም አለ። ጠዋት ስሞክር «ዳታቤዙን መቆለፍ አልተቻለም» አለኝ። ሁሉንም እንደ አዲስ ላውርድ ብዬ ነበር፤ ደግነቱ አያስፈልግም። ፓክማን የተባለው ጫኚ ሥራ ሲጀምር የቁልፍ ፋይል ያስቀምጣል፣ ሲጨርስ ራሱ ያነሳዋል። መብራት ሲጠፋ ፋይሉ እዚያው ቀርቷል። ኤምሲስ2 ውስጥ ቫር፣ ሊብ፣ ፓክማን እያልኩ ገብቼ አጠፋሁት። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሌላ ቦታ ፓክማን እየሠራ አለመሆኑን እዩ።

ሁለት ቀን የፈጀብኝ ፓዝ ነው። ተጭኖ ሳለ ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) «ጂሲሲ የሚባል አላውቅም» ይለኛል። ዊንዶውስ ትዕዛዝ ሲሰጠው ሙሉ ዲስኩን አያስስም፤ ያላችሁበትን ፎልደርና ፓዝ በተባለው ዝርዝር ላይ የተጻፉትን ፎልደሮች ብቻ ነው የሚያየው። እንግዳን ሰፈሩን ሳይነግሩት «ጅማ ና፣ ቤቴን ታገኘዋለህ» እንደማለት ነው። ጂሲሲ የሚገኝበትን፣ ኤምሲስ2 ውስጥ በዩሲአርቲ64 ሥር ያለውን ቢን ፎልደር ፓዝ ላይ ጨመርኩ። አሁንም እምቢ! ለካ ቀድሞ የተከፈተ መስኮት አዲሱን ፓዝ አያይም። ዘግቼ ስከፍተው ሠራ።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜ «ሰላም ጅማ» ብሎ እንዲጽፍ ነበር፤ የወጣው ግን የማይነበብ ምልክት ነው። ኮድ ፔጁን (መስኮቱ ባይቶችን ወደ ፊደል የሚተረጉምበትን ሰንጠረዥ) ወደ 65001፣ ማለትም የግዕዝ ፊደልንም ወደሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 ቀይሬ በዊንዶውስ ተርሚናል ሳስኬደው ፊደላችን ጥርት ብሎ ታየ። በጣም ደስ አለኝ!

ቀጥዬ «ጅማ» ስንት ፊደል እንደሆነች የጽሑፍ ርዝመት በሚለካው የሲ ትዕዛዝ፣ በስትርሌን ጠየቅኩት። 6 አለኝ። ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኮምፓይለሩ ልክ ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ባነብ እንዲህ አይገባኝም ነበር።

አሁን የራሴን ፊደል ቆጣሪ እየጻፍኩ ነው። ለ3 ማካፈል ለ«ጅማ» ይሠራል፤ «ሰላም ጅማ» ላይ ግን ክፍተቷ 1 ባይት ስለሆነች ድምሩ ለ3 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፊደል የመጀመሪያ ባይት ብቻ እንዲቆጥር እያደረግኩት ነው።